ዳባት አስቀድሞ የሰማውን ፈረንጅ መጥቶ ነገረን!

«በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የሚለውን ተረት ያልሰማ የለም። ሰምተነዋል፤ ግን ገብቶናል ወይ? ለኔ የገባኝ በስተርጅና ነው። የገባኝም መጽሐፍ አገላብጬ ሳይሆን ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከአንድ ጎረምሳ አፍ ነው።

አምባ ጊዮርጊስን አልፈን የወገራን ሜዳ ስንያያዘው ረዳቱ ፍላሽ ሰካ። አኮርዲዮን ብቅ አለ። ከሥሩ የማሽን ከበሮ ሳይፈጥን ሳይዘገይ ይመታል። ገና በመጀመሪያው ምት አወቅሁት፤ የኃይሉ መርጊያ «ሸሞንሟናዬ» ነው! አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት በጣቱ ጉልበቱን እየመታ ወደኔ ዞር አለና፣ «ጋሼ፣ ይህን ያውቁታል? ፈረንጆች ያገኙት ሙዚቃ እኮ ነው» አለኝ።

ፈረንጆች ያገኙት! ወይ ጉድ! እንዲያው ይህ አገር ፈረንጅ ያላገኘለት ምን ነገር አለው? ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ይችን የሊማሊሞን ዳገት ወጥቶ፣ በዚሁ በኛ መንገድ ጎንደር ገባ፤ በዚያው ዓመት ግሽ ድረስ ወርዶ የዓባይን ምንጭ «አገኘሁ» አለ። የግሽ ሰው ግን ከሱ በፊት ስንት ዘመን ጸበሉን ሲጠጣው ኖሯል። አሁን ደግሞ ተራው የካሴቱ ሆነ ማለት ነው።

ልጁን ልቆጣው አሰብኩና ተውኩት። ለምን ቢሉ፣ ጥፋቱ የሱ አይደለም። ጥፋቱ ከኔና ከመሰሎቼ ነው። እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንያዘው።

ኃይሉ መርጊያ በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ይጫወት የነበረው የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነው። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ስለነበረ ማታ ሒልተን የገባ ሰው እስኪነጋ አይወጣም፤ እነሱም ተመልካቹን ይዘው ያነጉ ነበር። «ሙዚቃዊ ስልት» የሚለው ዜማቸው ዛሬም ድረስ የትም አገር ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ1981 ባንዱ አሜሪካ ሄደ። ከፊሉ ተመለሰ፤ ኃይሉን ጨምሮ ጥቂቶቹ እዚያው ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1985፣ በኛ በ1977 ግድም፣ ኃይሉ እዚያው አሜሪካ በአንዲት አነስተኛ ስቱዲዮ ገብቶ ብቻውን አንድ ካሴት ቀረጸ። ሳክስፎን የለ፣ ትራምፔት የለ፣ ድራመር የለ፣ ዘፋኝ የለ። አኮርዲዮን፣ ሮድስ የተባለው ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘርና ሪትም ማሽን፤ በቃ! ሁሉንም አንድ ሰው በላይ በላዩ እየደረበ ተጫወተው። የልጅነቱን የአኮርዲዮን ድምፅ ሊመልስ ነበር ሐሳቡ። ካሴቱ አገር ቤት ገባ፤ ተሸጠ፤ ተባዛ።

ያ ካሴት ዳባት ሲደርስ እኔ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ።

* * *

ያመጣው አንድ የኤንትሬ ሾፌር ነው። ከጎንደር ጭኖ ሲያልፍ ቁርሱን በልቶ የሚከፍለው ሲያጣ ካሴቱን ለሻይ ቤቷ ባለቤት መያዣ ሰጣት። በዚያው ቀረ። እትዬ (ስሟን ላቆየው) አንድ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ቴፕ ነበራት። ድንጋዩ ሲደክም ዘፈኑ እየተጎተተ ይሄዳል፤ ፀሐይ ላይ አስጥታ መልሳ ትከተዋለች። ድንጋይ ለመቆጠብ ካሴቱን የምናጠነጥነው በእስኪሪብቶ ነው። ደባርቅም ዳባትም ቤት ለቤት ሬዲዮ እንኳ ያልነበረበት ጊዜ መሆኑን ልብ በሉልኝ። አገሩ ከዚያ ክፉ የ77 ድርቅ ገና ያላገገመበት ጊዜም ነው።

እንግዲህ የዚህን ካሴት የመጀመሪያ ግምገማ የሰማሁት እዚያች ሻይ ቤት ውስጥ፣ ከገበያተኛ አፍ ነው። አንድ ከስሜን ደጋ ገብስ ጭነው የወረዱ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና፣ «ይሄ ከበሮ መቺ አይደክመውም እንዴ?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ፣ «ማሽን ነው አያ፤ ሰው አይደለም» አለቻቸው። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ታዲያ የደከመው ሌላኛው ነዋ» ብለው ወደ አኮርዲዮኑ በአገጫቸው አመለከቱ።

ከዚያ «ሽለላ» የተባለው ቁራጭ መጣ። አንድም ቃል የለበትም፤ አኮርዲዮኑ ነው የሚሸልለው። ሽማግሌው ዱላቸውን ጨበጡ፣ ቀጥ ብለው ተቀመጡ፣ አንገታቸው ተነቀነቀ። ሲያልቅ ትንፋሻቸውን አውጥተው ያሉትን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ «ሸላዩ አለ፤ ተቀባዩ የለም። ሰውዬው ብቻውን ነው መሰለኝ።»

አንባቢ ሆይ! ሽማግሌው ኃይሉ መርጊያ የት እንዳለ፣ ካሴቱን ብቻውን እንደሠራው፣ ጓደኞቹ ተበታትነው እሱ በሰው አገር መቅረቱን ማን ነገራቸው? ማንም! ጆሯቸው ነው የነገራቸው። ሽለላ ተቀባይ ይፈልጋል፤ ዙሪያውን የሚያሟሙቅ ሰው ይፈልጋል። እሳቸው የጎደለውን ሰምተው ከጎደለው ተነስተው ሰውየውን አወቁት። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ አልበም ብዙ ጽሑፍ አንብቤአለሁ። ከዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር የሚበልጥ ሂስ ግን አላገኘሁም።

እትዬም የራሷ ግምገማ ነበራት። «ይሄ ሲከፈት ሰው አይነሳም፤ ሁለተኛ ሻይ ያዛል» ትል ነበር። ቆነጃጅቱ ደግሞ በትከሻቸው ፈረዱ፤ እስክስታው እንደሆነ ማሽን ነው ብሎ አልቆመም።

* * *

አሁን ጥፋቴን ላውጣ። ዓመታት አለፉ፣ አዲስ አበባ ገባሁ፣ «ተማርኩ»። በ1980ዎቹ ውስጥ የኪቦርድ ነገር ሁላችንን ያነጋግር ነበር። ባንዶቹ እየሳሱ ሄዱ፤ አንድ ሰው አንድ ኪቦርድ ተሸክሞ ሠርግ ያደምቃል፤ ካሴቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ምት፣ አንድ ዓይነት የውሸት ትራምፔት ሆነ። እኛም ቡና ቤት ተሰብስበን ፍርድ ሰጠን። «ይሄ የዱቄት ወተት ነው!» እል ነበር እኔ። አባባሌ ስለጣፈጠኝ በየደረስኩበት እደጋግመዋለሁ። አንድ ጊዜ ለፋሲካ ዳባት ስሄድ ለእትዬ ሳይቀር፣ «ያንን የማሽን ካሴት ጣይው፤ ሙዚቃ አይደለም» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና፣ «አንተ ልጅ፣ ተምረህ ጆሮህን ጣልከው እንዴ?» አለችኝ። ሳቅሁባት። ማን ላይ እየሳቅሁ እንደነበር አሁን ገባኝ።

እርግጥ ነው፣ ሙግታችን ሁሉ ባዶ አልነበረም። ሳክስፎንና ትራምፔት ነፊው እንጀራውን አጥቷል፤ ይህ እውነት ነው። ኪቦርድ ደግሞ ድምፁ በየቁልፉ የተወሰነ ነው፤ ማሲንቆ በሁለት ድምፅ መካከል ሸርተት የሚልባትን ቦታ አያውቃትም፤ አንቺሆዬን የመሰለ ቅኝት በኪቦርድ ሲጫወቱት የሆነ ነገር ይጎድለዋል፤ ይህም እውነት ነው። የማሽን ከበሮ ችክችካውን በመርፌ የተሰፋ ያስመስለዋል፤ ይህም አይካድም።

ነገር ግን ባንዶቹን የበተናቸው ማሽኑ ነበር ወይ? ሌሊቱን በሰዓት እላፊ የዘጋው ማን ነው? ሙዚቀኛውን ያሰደደው ማን ነው? ሸክላዎችን ያሳተመው አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1975 አገር ጥሎ የወጣው ኪቦርድ አባርሮት ነው? ዱላው ያረፈው ከቤተ መንግሥት በኩል ሆኖ ሳለ እኛ ዕቃውን ከሰስነው። ዕቃ አይመልስማ! መንግሥትን ከመውቀስ ኪቦርድን መውቀስ ይቀላል።

በዚህ ላይ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1990 ግድም «ኢትዮፒክስ» የተሰኘውን ተከታታይ ሲዲ ማሳተም ጀመረ። ውለታው ትልቅ ነው፤ የጠፋ የመሰለንን ሸክላ ከሞት አስነሥቷል። ግን የመጀመሪያው ሲዲ ሽፋን ላይ «ወርቃማ ዓመታት» ተብሎ የተሰጠው ዘመን እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ነበር። እኛም እንደ በቀቀን ያዝናት! «ወርቁ አለቀ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ቆርቆሮ ነው» እያልን ኖርን። የዳባት ሻይ ቤት ግን ወርቅ ማለቁን የሚነግራት አጥታ ቆርቆሮውን እያዳመጠች ትጨፍር ነበር።

* * *

ከዚያስ? ከዚያማ ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ የአፍሪካ ካሴት ሰብሳቢ መጣ። «ሸሞንሟናዬ»ን ያገኘው የት መሰላችሁ? ባሕር ዳር! ከዳባት የግማሽ ቀን መንገድ! አዳመጠው፣ ደነገጠ፣ ባለቤቱን ፈለገ። ባለቤቱ ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳል። ዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሰልፎ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ኪቦርዱን አውጥቶ የኋላ ወንበር ላይ ይለማመዳል። ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013፣ በኛ በ2005 ዓ.ም.፣ በሸክላና በሲዲ እንደገና ታተመ። የውጭ ሐያሲዎች ተቀባበሉት። ትልልቆቹ የአሜሪካ ጋዜጦች ጻፉለት። ሰውየው ከታክሲው ወርዶ መድረክ ላይ ወጣ፤ በየአገሩ ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ አልበም አወጣ፤ እሱም ተወደሰ።

እኛስ? እኛማ «የኛ ነው!» ብለን ጮህን። ያንኑ የማሽን ከበሮ፣ ያንኑ ሲንተሳይዘር! ትናንት የዱቄት ወተት ያልነው፣ ዛሬ ፈረንጅ ሲጠጣው አይተን «ለካ ማር ነው» አልን። እኔም ከጮሁት አንዱ ነበርኩ፤ አልዋሽም። እንዲያውም ሸክላውን ለመግዛት በዘመድ በኩል አስልኬ ነበር።

እዚህ ላይ አሜሪካዊውን አልወቅስም። ሰውየው ሰማ፣ ወደደ፣ ባለቤቱን ፈልጎ አገኘ፤ ትርፉንም ከሙዚቀኞቹ ጋር እኩል እንደሚካፈል ይናገራል። እኛ አገር ያንን ካሴት ስንቱ ሱቅ እያባዛ ሸጠው? ስንቱስ ለኃይሉ አንድ ብር ላከለት? ስለዚህ ፈረንጁን «ሰረቀን» ለማለት አፍ የለንም።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። የውጭው ሐያሲ አልበሙን የሰማው ከሩቅ ነው። የገረመው እንግዳነቱ ነው፤ አኮርዲዮን ከሲንተሳይዘር፣ ቅኝቱ ያልለመደው፣ ምቱ ያልለመደው። ደግ፤ እሱም አንድ ሚዛን ነው። የስሜኑ ሽማግሌ ግን የሰሙት ከውስጥ ነው። ለሳቸው ቅኝቱ እንግዳ አይደለም፤ ሽለላው የራሳቸው ነው፤ ስለዚህ የተጨመረውንም የጎደለውንም ለይተው አወቁ። ሁለቱም ሂስ ነው። ልዩነቱ የአንዱ ተጻፈ፤ የሌላው ከሻይ ቤቱ ጭስ ጋር በነነ። ይህን ሊጽፍ ይችል የነበረ አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ እዚያ ተቀምጦ ነበር። ጽሕፈት ሲያውቅ ግን የሽማግሌውን ቃል ትቶ የቡና ቤት ወሬ ይዞ ዞረ።

* * *

«አለፈ አይደል እንዴ፣ ምን ታካብዳለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። አላለፈማ! ኃይሉ «ላላ በሉ»ን ባወጣበት በዚያው በ2010 ዓ.ም. ሮፍናን ኑሪ «ነጸብራቅ» የተባለውን አልበሙን አወጣ። ኮምፒዩተር ላይ የተሠራ፣ የዳንስ ቤት ምት የተሸከመ፣ ከየብሔረሰቡ የባህል ምትና ዜማ የቀላቀለ ሥራ ነው። ወጣቱ አበደለት። ሽበት ያለው ደግሞ፣ «ይሄ ምን ጩኸት ነው? ኮምፒዩተር ነው የዘፈነው?» አለ። አቤት! ቃሉ ሳይቀር ያው የኛው! ያኔ የተጠቀምንበት ጅራፍ ለልጆቻችን ተረፈ።

እኔም «የዱቄት ወተት» ልል አፌ ላይ ደርሶ ምላሴን ነከስሁ። ደባርቅ ወርጄ ሰማሁት። ደባርቅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ወደ ስሜን ፓርክ የሚወጣ ቱሪስት ብቻ የሚያድርባት ከተማ አይደለችም። ማታ ማታ ተማሪው ብርዱን በጭፈራ ነው የሚያባርረው። ከሰሜንም ከደቡብም የመጣ ልጅ በአንድ ምት ላይ የየአገሩን ትከሻና እግር ይዞ ይገባበታል። እውነቱን ልናገር? ለኔ ጆሮ ሮፍናን ድምፁ የሚበዛበት፣ ዜማው ትንፋሽ ሳይወስድ ምቱ የሚያዳፋው ቦታ አለ። ግን የባህሉን ምት እንደ ጌጥ ከላይ አልለጠፈውም፤ መሠረቱ ውስጥ ቀብሮታል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። እንዲህ ብዬ ብጽፍ ልጆቹ ይሞግቱኛል፤ ይሞግቱኝ! ሂስ ማለት ይኸው ነው።

የኛ ነገር ግን ምንድነው? ኤፍ ኤሙ ዘፋኙን ስለ ፍቅረኛውና ስለ መኪናው ይጠይቀዋል። ከዚያ «ይሄን ያህል ሚሊዮን ሰው አየው» ይባልና ፍርዱ ተፈጸመ። ቁጥር ዳኛ ሆነ! እስቲ ልጠይቅ፤ በዚያ ቁጥር ውስጥ ዳባት አለች ወይ? በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ለወራት ድርግም ብሎ ሲዘጋ የደባርቅ ልጅ ሙዚቃ መስማት አቆመ እንዴ? አላቆመም። ሜሞሪ ካርዱን ይዞ ሱቅ ሄዶ አስጫነ፤ በብሉቱዝ ከጓደኛው ተቀበለ። ወደደም ጠላም የትም አልተቆጠረም። አያቱ በካሴት ዘመን ያልተጻፉ፣ እሱ በኢንተርኔት ዘመን አልተቆጠረም። መንግሥት መስመሩን ሲቆርጥ የቆረጠው ወሬ ብቻ መሰለው፤ የአንድን ትውልድ ጆሮም ነው ከመዝገብ ያወጣው።

ስለ ገንዘቡም ካነሳን፣ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥቷል፤ በኋላም ተሻሽሏል። ወረቀቱ አለን። ነገር ግን ሜሞሪ የሚጭነው ልጅ ጥቂት ብር ይቀበላል፣ ሙዚቀኛው ምንም። ልጁን አልፈርድበትም፤ እንጀራው ነው። የምፈርደው ከዚያች ብር ላይ ለባለቤቱ ሳንቲም የምትደርስበትን መንገድ ለመዘርጋት ሃያ ዓመት ባልበቃቸው ባለሥልጣኖች ላይ ነው። ዛሬ ደባርቅ ውስጥ በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ የማሲንቆ ድምፅ እየቆራረጠ ሌሊት የሚሠራ ጎረምሳ ቢኖር ምን ይጠብቀዋል? የአገሩ ሰው የሚጽፍለት ሂስ ወይስ የዋሽንግተን ታክሲ?

ሚኒባሱ ዳባትን ሲያልፍ እንደ እድል «ሽለላ» መጣ። የእትዬ ሻይ ቤት የነበረበትን ቦታ በመስኮት አየሁት፤ ፎቅ ተጀምሮበታል። ያኔ መታገስ አቃተኝና ለልጁ ሁሉን አጫወትኩት፤ ኤንትሬውን፣ የባትሪ ድንጋዩን፣ ሽማግሌውንና «ሰውዬው ብቻውን ነው መሰለኝ» ያሉትን። ልጁ ደባርቅ መናኸሪያ እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሲወርድ ቦርሳዬን አቀበለኝና፣

«ጋሼ፣ ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቃችሁ ለምን አልጻፋችሁትም?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ይኸው ዘግይቼም ቢሆን ጻፍኩት። እናንተም የሰማችሁትን፣ የወደዳችሁትንም የጠላችሁትንም፣ ሌላ መጥቶ እስኪነግራችሁ አትጠብቁ።

ቸር ይግጠመን!